ሊቀ እጥረት ቢያዝንና የእትዬ እናትዓለም የውሃ ሣር

በዚች አገር ለያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሰው ተመድቦለታል፤ ሕመምተኛው አመመኝ ሳይል በሽታውን የሚያውቅ። መኪና ሲቆም ከሾፌሩ ቀድሞ ኮፈን የሚከፍተው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ሟቹን ምን እንደገደለው ወራት ላስታመመችው ሚስት የሚያስረዳው እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛችሁ ስትቀመጡ አጠገባችሁ የሚገኘውም እሱ ነው፤ ካርድ ሳታወጡ መርምሮ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ ያክስቱ ልጅ በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች አጫውቷችሁ፣ ተራችሁ ሳይደርስ ይጨርሳል። በዕውቀቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች፤ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል አያውቃትም።

የኛም ሰፈር፣ ግሽ አባይ፣ ድርሻውን ተቀብሏል። ስማቸው ጋሽ ቢያዝን ነው። እኔ ግን ቤተ ክህነትን ሳላስፈቅድ በልቤ «ሊቀ እጥረት» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መርፌ የሚጠይቅም ይምጣ የማሽን ቀበቶ፣ በመስኮቷ ብቅ ላለ ሠራተኛ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር አሉ፤ «እጥረት አለ።» ሲወጡ ቁልፉን አስረከቡ፤ ቃሏን ግን ማንም አልተረከባቸውም። ይዘዋት ወደ ሰፈር ገቡ።

«ግልጽ ነው» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። (ነገር አጥርቶ ለማየት መነጽሩን የሚያነሳ ሰው ከሳቸው ሌላ አላውቅም።) «ግልጽ ነው። እጥረት ነው።»

የግሩም ባጃጅ መንገድ ዳር ቆመ። ሊቀ እጥረት ደረሱ፤ «የዘይት እጥረት ነው» ብለው ፈረዱ፤ ግሩምም ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ሄዶ ዘይት ገዛ። ባጃጁ ግን የቆመው ግሩም ራሱ ጎማ ሊቀይር የኋላ እግሩን ፈትቶ ድንጋይ ላይ ስላስቀመጠው ነበር። ከግቢያችን ጀርባ ያሉት ባልና ሚስት ሲጣሉ ደግሞ ጋሽ ቢያዝን ሽማግሌ ሆነው ገቡ፤ «የመነጋገር እጥረት ነው» ብለው ወጡ። የነዚያ ሰዎች ንግግር እኮ እስከ አባይ ድልድይ ይሰማል። እኔ ስስል የማር እጥረት ነው፤ ስቆጣ፣ መቼም ብዙ ጊዜ እቆጣለሁ፣ የባል እጥረት ነው፤ እሱንም ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ ደንበኛ እንዲሰማ አድርገው ነው የሚሉት።

ስሜ ትንቢት ነው፤ ሱቄ ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አባዛለሁ፣ እጠርዛለሁ፤ እየጠረዝሁም አነባለሁ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ የለኝም። ስለ ጣና ከተጻፈው በኔ እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። ሁሉም መጨረሻው ላይ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። ሁሉም በሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል ተውቦ ከቤቴ ይወጣና መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ፣ ደግሞ አንባቢ አይደለም። ሐይቁ ላይ መተኛቱን ቀጥሏል።

አሁን ወደ ሣሯ ልምጣ።

የቤት አከራዬ እትዬ እናትዓለም ከሐይቁ ማዶ ካሉት የካህናት መንደሮች ባንዱ የተወለዱ፣ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ናቸው። ወንድማቸው መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዛሬም እዚያው ባባታቸው ቦታ ያገለግላሉ። ከቤታቸው ሥር ባለው ዳር፣ ውሃው ውስጥ፣ እንደ ጥብጣብ ረጅምና ለስላሳ ሣር ይበቅል ነበር። «ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እሱ ውስጥ ነበር» ይላሉ እትዬ እናትዓለም። «እኛም ስንዋኝ እግራችንን ይኮረኩረን ነበር። ስም አልነበረውም። የውሃ ሣር ነበር የምንለው።» ከዚያ ነፋስ እምቦጩን ገፍቶ አመጣው። ውሃውን እንደ ጣራ ከደነው፤ ከሥሩ ያለው ሣር ብርሃን አጥቶ አለቀ። መሪጌታ ዳሩን ሁሉ ዞረው አንዲት እግር ሣር አገኙ። ከነሥሯ፣ ከነጭቃዋ ነቅለው በጄሪካን አድርገው በጀልባ ለእኅታቸው ላኩ። የላኩት ቃልም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይችን አቆዪልኝ። እኔ አንድ ጥግ ከእምቦጩ እያጸዳሁ፣ በአጥር እየከለልሁ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሌላ የለኝም።»

እትዬ እናትዓለም ሳሎን ውስጥ፣ ልጃቸው ሀኒ ከአዲስ አበባ ያመጣችላቸው የዓሣ መስታወት አለ፤ ከዳቦ ሳጥን ብዙ የማይበልጥ፣ ትንንሽ ቀያይ ዓሦች የሚዞሩበት። ሣሯ እዚያ ተተከለች። እስከ ቅበላ ድረስ አማረባት። ቅጠሏ እስከ ውሃው አፍ ወጥቶ ተጠመዘዘ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ቢጫ ሆነች።

ቢጫው ከዳር ነው የጀመረው። እንዲህ ያለች ሣር አዲሱን ቅጠል ከመሐሏ ታወጣለች፤ አሮጌው ወደ ዳር ይገፋል። ዳር ያሉት ገረጡ፣ ከጫፋቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ሳሱ፣ ቀለጡ። መሐል ያለው አዲሱ ትንሽ ነው እንጂ አረንጓዴ ነው። ስለ ውሃ ተክል ትንሽ ያነበበ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው፤ የታመመው አሮጌው ነው አዲሱ? ተክል ሲርበው ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ናይትሮጅን እንዲህ ይነጠቃል። ስለዚህ ናይትሮጅን ሲጎድል ቀድሞ የሚሞተው አሮጌው ነው። ብረት ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል ንቅንቅ አይልም፤ ብረት ሲጎድል የሚገረጣው ገና የተወለደው ነው። ይህን ለማወቅ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል።

ጋሽ ቢያዝን ቆመው፣ መነጽራቸውን ሰቅለው አዩ።

«ግልጽ ነው። የብረት እጥረት ነው።»

«ጋሽ ቢያዝን፣ ብረት ቢሆን የሚገረጣው መሐል ያለው አዲሱ ነበር። የታመመው እኮ አሮጌው ነው» አልኋቸው።

«አሮጌ ቢታመም ምን ይገርማል? እኔን ጉልበቴን የሚያመኝ አዲስ ሆኜ ነው?»

እትዬ እናትዓለም ሳቁ። እኔ ተረታሁ። በዚህ ከተማ ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ያሳቀ ያሸንፋል።

በማግስቱ ሚስማር ይዘው መጡ፤ ዝገቱ ይጠቅማል ብለው የዛገውን መርጠው። ሚስማሩ ምንም አላደረገም። ከዚያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የደም ማነስ ክኒን ፈጭተው ጨመሩ። ውሃው ሻይ መሰለ፤ ዓሦቹ ሻይ ውስጥ ዋሉ። እኔ በባልዲ እየተመላለስሁ ውሃ ቀየርሁ። ከዚያ «የብርሃን እጥረትም አለበት» ብለው መስታወቱን ወደ መስኮት ገፉት፤ ግድግዳው አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። እየፋቅሁ ተሳደብሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው «ፍቂው፣ ፍቂው፤ እጅሽ ለሥራ ይሆናል» ይሉኛል።

ናይትሮጅን ነው፣ ይህ ተክል የሚኖረው ከዓሦቹ ኩስ ነው፣ ዓሦቹ በልተው ነው እሱ የሚበላው ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ። እትዬ እናትዓለምንም «ይመግቧቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምን ነካሽ ልጄ፤ ምግብ ሳልሰጣቸው ውዬ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ አልፌ አልጠየቅሁም።

ሣሯ አነሰች። ዳግማይ ትንሣኤ እየቀረበ ነው። እትዬ እናትዓለም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ወደ መስታወቱ ይሄዱና የቀለጠውን ቅጠል በጣታቸው ለቅመው በሶፍት ይይዙታል። «ወንድሜን ምን እለዋለሁ?» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። ስለ ሐይቁ ዕፅዋት የጻፈ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የጠረዝሁት እኔ ነኝ። የምስጋናውን ገጽ ሳይቀር አንብቤዋለሁ፤ ፈጣሪውን፣ እናቱንና እጮኛውን አመስግኗል፤ ሐይቁን ረስቶታል። ቢሮው ሄድሁ። የለም። «ዐውደ ጥናት ላይ ናቸው» አለችኝ ጸሐፊዋ። በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ስለ ሐይቁ ይመከራል። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። የሐይቁ ነጸብራቅ ስክሪኑን አላሳይ ብሎ ነው።

በሻይ ዕረፍት ያዝሁት። በአንድ እጁ ስኒ፣ በአንድ እጁ የጾም ሳምቡሳ ይዟል።

«ናሙና ተይዞ በደብዳቤ ነው የሚጠየቀው» አለኝ።

«ደብዳቤው እስኪመራ ትሞታለች። ፎቶዋ ስልኬ ላይ አለ፤ እሷን ብቻ እይልኝ።»

«እኅቴ፣ በፕሮጀክቱ የተያዘው እምቦጭ መንቀል ነው። መትከል አልተያዘም።»

ስልኬን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ሳምቡሳ እንድበላም ጋብዞኛል። አንድ ሐይቅ እንዲህ በጨዋ ሰዎች መሐል ሲሞት ነው አንጀቴ የሚያረው፤ የሚያንቁት ሰዎች ባለጌ ቢሆኑ መሳደቡ ይቀለኝ ነበር።

እየነደድሁ ቤት ስደርስ ጋሽ ቢያዝን መስታወቱ ፊት ተንበርክከዋል።

«ትንቢት፣ ደርሼበታለሁ» አሉ። «የናይትሮጅን እጥረት ነው።»

ይህን ቃል ከኔ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰሙት እግዜር ያውቃል። ቢሆንም ደስ ሊለኝ ሲዳዳ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ላኩ። እፍኝ ሙሉ ዩሪያ ማዳበሪያ አወጡ፤ ዱርቤቴ ካለች እኅታቸው ማሳ የመጣ።

«ጋሽ ቢያዝን፣ ይተዉ። ይህ ለበቆሎ ነው። እዚህች ውሃ ውስጥ ከገባ ዓሦቹ እስከ ማታ በሆዳቸው ይገለበጣሉ።»

«ለሣሯ ነው እንጂ ለዓሦቹ መቼ ሰጠሁ?»

እጃቸውን ያዝሁ። አልለቅም አሉ። ተጓተትን። ዩሪያው በሳሎኑ ወለል ላይ እንደ በረዶ ተበተነ። ያን ጊዜ ከሆዴ የነበረው ሁሉ፣ የሆቴሉም፣ የመጋረጃውም፣ የሳምቡሳውም ንዴት በሳቸው ላይ ወጣ።

«የርስዎን በሽታ ልንገርዎ?» አልኋቸው። «የሥራ እጥረት ነው። ሥራ ስላጡ ነው የሰው ቤት የሚያምሱት።»

እትዬ እናትዓለም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ቢያዝን ጎንበስ ብለው ነጫጮቹን ፍሬዎች በእጃቸው መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ በሩን አላትሜ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳየው ዓይኔን አላመንሁም። ሣሯ መቅለጧን አቆመች። ቢጫ የሆነው ቢጫ እንደሆነ ቀረ፤ አንዴ የገረጣ አሮጌ ቅጠል አይመለስም። ቀጥሎ ወደ ዳር የተገፋው ግን አረንጓዴ ሆኖ ጸና። ሰነበተችና ጭራሽ አንዲት ቀጭን ሐረግ በአሸዋው ላይ ሰደደች፤ ከሐረጓ ጫፍ ልጅ ወጣች፤ ያቺም ሌላ ወለደች።

ሊቀ እጥረት ደግሞ ሐዋርያ ሆኑ። «በብረት አዳንኋት» ይላሉ ለግሩም። «ብረት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» ይላሉ ለዳቦ ቤቷ ልጅ። ሱቄ ድረስ መጥተው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ለቆመ ተማሪ የብረትን ጠባይ ያስተምራሉ፤ እሱም «አሃ» ይላል። ውሃውን ስንት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ የክኒኑ ጠብታ እንኳ አልቀረም። ሐሰት በጆሮዬ ሥር ሲያድግ ዝም ብዬ መስማት አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድሁ፤ እትዬ እናትዓለም በጾሙ ቅዳሴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆዩ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ሣሯን በደንብ መርምሬ ጋሽ ቢያዝንን በማስረጃ ላፋጥጣቸው።

ቤቱ ባዶ አልነበረም። ጋሽ ቢያዝን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆመዋል። በግራ እጃቸው ትንሽ ጣሳ ይዘዋል፤ በቀኛቸው ቁንጥር እያደረጉ ውሃው ላይ ይበትናሉ። ዓሦቹ ተሻምተው ይበላሉ።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ ሳይዞሩ።

ዘጋሁት።

«ያን ቀን ዩሪያውን ልጠርግ መጥረጊያ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ከፈትሁ። ይህን ጣሳ ከቅቤው ጋራ ባንድ ጨርቅ ተቋጥሮ አገኘሁት። ክዳኑ ላይ ዓሣ ተስሏል፤ አሸተትሁት፣ ደረቅ ዓሣ ነው። ከቅበላ ጀምሮ ታስሯል።»

«ታዲያ እትዬ እናትዓለም በየቀኑ ምን ሲሰጧቸው ነበር?»

«ከቅዳሴ ስትመለስ የቂጣ ፍርፋሪ። አንድ ጊዜ ጠይቄያት ‘የነነዌ ከብት እንኳ ጾሟል፤ በቤቴ ፍስክ የሚበላ አላኖርም’ ብላኛለች። ያኔ አልገባኝም። አንቺ ነሽ ‘ዓሦቹ በልተው ነው ሣሯ የምትበላው’ እያልሽ ራሴን ያዞርሽው።»

ነገሩ ሁሉ ባንዴ ፊቴ ተዘረጋ። ጾሙን የያዙት ዓሦቹ ናቸው፤ የከሳችው ሣሯ ናት። እኔ ቅጠል ሳገላብጥ ከርሜ ቁምሳጥን አልከፈትሁም።

«ካወቁ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ያባትሽን ሣር በጾምሽ ገደልሻት ልበላት?»

«እውነቱ እሱ አይደለም ወይ?»

ጣሳውን ከደኑ። «ነው። አንቺ እውነቱን ስትናገሪ ስንት ዓመትሽ ነው? ማን ሰማሽ?»

ሌላ ነገር አነሣሁ።

«ለሰዉ ሁሉ ብረት አዳናት እያሉ የሚያወሩት ግን…»

«ዳነች አይደል? እናትዓለም ምን አዳናት ብትለኝስ? አንድ ነገር ማለት አለብኝ።» ጣሳውን በጨርቁ መልሰው ቋጠሩት፣ ከቅቤው አጠገብ አኖሩት፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ኃጢአት ከሆነም በኔ ይቆጠር። እኔ እንደሁ ሌላም አለብኝ።»

ለማወጅ የተፈጠረ ሰው ነው ያላችሁት ሰው በሕይወቱ አንዴ ትክክለኛውን በሽታ ሲያገኝ ውጦ ሲይዘው ማየት ደስ አይልም። ያናድዳል። ንዴቴን የማሳርፍበት ቦታ አሳጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ስለ ብረት ሲሰብኩ ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀት እቆርጣለሁ።

ፋሲካ ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በጀልባ መጡ። ጓዳ ውስጥ ከእትዬ እናትዓለም ጋራ ሣሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ስንጠቀልል፣ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጣሳው ቀን በቀን ሲቀል አላየሁም መሰለሽ?» አሉኝ።

እጄ ቆመ።

«ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሳቁብኝ። ‘ዓሣ ምን በድሎ ይጾማል? አብዪው’ አሉኝ።»

«ታዲያ ጣሳውን ፈተው ራስዎ ለምን አልሰጧቸውም?»

«አያ ቢያዝን ከጡረታ ወዲህ ቀን መዋያ አልነበራቸውም። እኔ ቅዳሴ ስወጣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዝ ለውጠው ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ አያቸው ነበር። ሥራ የሚገባ ሰው ይመስሉ ነበር።» ጨርቁን አጥብቀው ቋጠሩ። «ያን ልንጠቃቸው?»

ያን ቀን ሳሎኑ ውስጥ የተናገርሁትን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ቢያዝንንም አስከትለን አራታችንም ማዶ ተሻገርን። የመሪጌታ ጥግ አንድ ክፍል የምታህል ውሃ ናት፤ በቀርከሃና በመረብ ተከልላ፣ እምቦጩ ከውጭ ተደግፏት ይገፋታል። መሪጌታና ጋሽ ቢያዝን ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። እኔ ከዳር ሆኜ «አዲሱ ቅጠል የሚወጣበት ልቧ ጭቃ ውስጥ አይግባ፣ ሥሯ ብቻ» እያልሁ ጮህሁ፤ ጋሽ ቢያዝን «አውቃለሁ» እያሉ ልቧን ጭቃ ውስጥ ቀበሩ፤ መሪጌታ ከኋላ ከኋላቸው ቀስ ብለው እየሳቡ አስተካከሉ። እትዬ እናትዓለም ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

ትይዝ እንደሁ አላውቅም። አንድ ማዕበል አጥሩን ቢጥለው በሳምንት ውስጥ ጣራው ይዘጋል። ይህን ማንም አልተናገረም፤ እኔም፣ የዓለም ጉድ፣ አልተናገርሁም።

በመመለሻችን ጀልባዋ እምቦጩ መሐል ገባችና ሞተሯ ታነቀ። ነጂው ሥሩን እየጎተተ ሲያላቅቅ ተቀመጥን። ዓይን እስከሚደርስበት አረንጓዴ ነው። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣ። አንድ ቢጫ ቅጠል የለበትም።

ጋሽ ቢያዝን አዩት። እጃቸው ላይ ጭቃው ደርቋል። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ትንቢት» አሉኝ፤ «ይህንንስ ምን ነካው?»

ለዓመታት የተሸከምሁት መልስ ነው። ምንም አልጎደለውም አልኋቸው። ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ ሁሉ ደርሶታል፣ ከሆቴሉም ከሰፈሩም የለቀቅነው ፍሳሽ ደርሶታል፣ ተራራው ሲራቆት አፈሩ ደርሶታል። እኛ የጣልነውን ሁሉ በልቶ ነው እንዲህ የሰባው። ከሰሜኑ ደምቢያ እስከ ደቡቡ ሜጫ ስንት እጅ እንዳበላው፣ የዚህ ጥጋብ ከሥሩ ስንቱን እንደጨረሰ፣ ስንት ጥራዝ ይህንኑ ጽፎ መደርደሪያ ላይ እንደቆመ ነገርኋቸው። ጀልባዋ ከተላቀቀች በኋላም እስከ ወደቡ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም።

ወደቡ ላይ ስንወርድ የጀልባ ጠባቂው ገመድ ተቀበለን። ጋሽ ቢያዝን ትከሻውን ይዘው ወደ ሐይቁ አዞሩት፤ የነገርኋቸውን ሁሉ የራሳቸው አድርገው ያስረዱት ጀመር። ማዳበሪያውን ከአፈሩ አምታተውታል፤ ደምቢያን ወደ ደቡብ ወስደዋታል። ላርማቸው አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።

ጠባቂው ገመዱን መጠቅለል ትቶ ያዳምጣቸዋል። «እና አሁን ምን ይሻላል ይላሉ ጋሼ?» አላቸው።

እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዳሉ ተውኋቸውና፣ ጨርሰው እስኪመጡ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኋቸው።